ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ምንድን ነው? (ኢንሱሊን አለቀ ማለት አይደለም)

ሰሞኑን ደሞ አንዱ ቪዲዮ ላይ "ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ማለት ቆሽትህ ኢንሱሊን ማምረት አቁሟል ማለት ነው" ሲል ሰማሁት። እዚህ ደብረ ማርቆስ ስኳር ክትትል ክፍል ነው የምሰራው፣ ይሄን በየቀኑ ነው የማስተባብለው፣ ዛሬ ልጻፈው ብዬ ነው። ኢንሱሊኑ አላለቀም። እንደውም መጀመሪያ አካባቢ ደም ውስጥ ያለው ከጤነኛ ሰው ይበልጣል። የጠፋው ሰሚ ነው፣ ጡንቻውና ጉበቱ ሲጠሩ አይሰሙም።

የጎጃም ሰው ነገሩን በጎተራ ይየው። ጤፍ ተወቅቶ አውድማ ላይ አለ እንበል። አውድማው ደም ነው፣ ጤፉ ስኳር ነው፣ ኢንሱሊን ደሞ ጤፉን ተሸክሞ ጎተራ የሚያስገባው ጎረምሳ ነው። ትልቁ ጎተራ ጡንቻ ነው፣ በተለይ የጭንና የባት። አሁን ጎተራው ከአምና ጀምሮ ማንም ሳይቀንስለት አፉ ድረስ ሞልቷል፣ ተሸካሚ ብትጨምር ምን ይፈይዳል? አንድ የነበረው ሦስት ይሆናል፣ ይጋፋሉ፣ ትንሽ ያስገባሉ፣ የቀረው አውድማ ላይ ያድራል። ሬዚስታንስ ይሄ ነው። የተረፈው እህል ደሞ መደቡም ላይ ምድጃውም ዳር ይደፋል፣ ጉበት ውስጥና ሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብ ማለት ነው፣ ቦርጭ የምንለው፣ እሱም ተመልሶ የጎተራውን አፍ ያጠበዋል። ተሸካሚዎቹ ስንት ዓመት ለፍተው ሲደክሙ ነው እንግዲህ ቆሽት የሚዳከመው፣ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳርም 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርን (የስኳር ሕመም የሚባልበትን ልክ) የሚያልፈው ያኔ ነው። ሰውየው መጨረሻውን መጀመሪያ አድርጎ ነው የነገረን።

ከዚህ የባሰ የሚያናድደኝ ግን "ሦስት ወር በእግሬ ሄድኩ፣ ኪሎዬ አልቀነሰም፣ ስፖርት ለስኳር አይሰራም" የሚለው ነው። ወንድሜ፣ ሚዛኑ ላይ አትፍረድ! ስትራመድ ጡንቻው ያጠራቀመውን ያነዳል፣ ጎተራው ይጎድላል፣ ከዛም በላይ ባለቤቱ ራሱ ተሸካሚ ሳይጠብቅ ቁና ይዞ ወደ አውድማ ይወጣል። የሚሰራ ጡንቻ ያለ ኢንሱሊንም ስኳር ያስገባል፣ ከዛ በኋላ ደሞ ለአንድ ሁለት ቀን ኢንሱሊንን የበለጠ ይሰማል። ለዛ ነው ሁለት ቀን በተከታታይ አትዝለሉ የምንለው።

አንድ ከማቻከል የመጡ አያ አሉን፣ አሁን እዚህ ሱቅ አላቸው። "ድሮ እርሻ ስውል የሁለት ሰው እበላ ነበር፣ ምንም አልሆንኩ" ይሉኛል፣ እውነታቸውን ነው፣ ያኔ ጎተራው በየቀኑ ይራገፍ ነበር። አሁን ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ውለው በባጃጅ ይገባሉ፣ የማታው እንጀራ ግን የድሮው ነው። ጣታቸውን ወጋኋቸው፣ 231። ግማሽ ሰዓት ግቢውን ፈጠን እያሉ ዞሩና መጡ፣ 178። ማሽኗን አገላብጠው አዩዋትና "እስቲ እታለም፣ ሌላ ጣት ውጊኝ" አሉ። 181። በግማሽ ሰዓት ኪሎ አልቀነሱም መቼም።

ኪሎ አይጠቅምም አላልኩም። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካኖቹ ትልቅ ጥናት፣ ስኳር አፋፍ ላይ ያሉ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎችን የያዘው፣ አመጋገብ አስተካክለው በሳምንት 150 ደቂቃ የተንቀሳቀሱትና ኪሎ የቀነሱት በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን የወሰዱት ደሞ በ31 በመቶ። ምግቡም እንቅስቃሴውም አንድ ላይ ነው የሚሄደው። ማር ተፈጥሮ ነው ለምትሉኝ ደሞ፣ ጎተራው የዳሞትም ማር ይሁን የሱቅ ስኳር አይለይም።

እና እባካችሁ ይሄን አንብቦ የኢንሱሊን መርፌውን የሚያቆም እንዳይኖር። ከገጠር ቅጥነታቸው የሚያሳዝን ልጆችና ገበሬዎች ስኳር ይዟቸው ይመጣሉ፣ እነሱ ጋ የጎተራው ነገር አይሰራም፣ ተሸካሚው ራሱ ነው ያነሰው ወይም የጠፋው፣ ዓይነት 1 ሊሆን ይችላል፣ ወይም በ2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ዓይነት 5 ብሎ የተቀበለው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘው። ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የምትወስዱም በጾም ባዶ ሆዳችሁን ረጅም መንገድ አትሂዱ፣ ስኳር ሊወርድ ይችላል፣ ኪሳችሁ ከረሜላ ይኑር። ኮንጎ ጫማ የምታደርጉ ደሞ ማታ ማታ የውስጥ እግራችሁን እዩ፣ በስኳር ምክንያት እግር ከደነዘዘ ጠጠር ሲወጋም አይታወቅም።