በቅዝቃዜ ወራት የሚደረግ የደን ክምር ቃጠሎና የጭስ አያያዝ

በረዶ በሚጥልባቸው ደናማ አገሮች፣ ቅዝቃዜው ሲገባ ደን ጠባቂዎች ሆን ብለው እሳት ይለኩሳሉ። የሚቃጠለው የቆመ ዛፍ አይደለም። ደኑ ሲሳሳ የተቆረጠው ቅርንጫፍ፣ ጭራሮና ቀጭን ግንድ ይከመራል፤ ወራት ቆይቶ ይደርቃል፤ መሬቱ ሲረጥብ ወይም በረዶ ሲለብስ ይቃጠላል። እንዲህ ሲሆን በበጋ የሚነሳ ሰደድ እሳት የሚበላው ያጣል።

የሰሜን አሜሪካና የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ደንን በእሳት መንከባከብ ያውቁበት ነበር። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ግን ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተነሳ እሳት ሁሉ በማግስቱ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት እንዲጠፋ አዘዘ። መመሪያው በ1978 ተተወ። እስከዚያው ደኑ ውስጥ የደረቀ እንጨት ተጠራቅሟል። የዛሬዎቹ የቃጠሎ ቡድኖች ይህን ውዝፍ ነው በትዕግስት የሚያቃልሉት።

ከባዱ ሥራ ጭሱ ነው። ጭስ የሚበዛው እሳቱ ሲንቦገቦግ ሳይሆን ሲዳፈን ነው። እርጥብ እንጨትም ያጨሳል፤ አፈር የገባበት ክምር ደግሞ ለቀናት ይጨሳል። ስለዚህ የክምሩ አናት ዝናብና በረዶ እንዳያረጥበው ቀድሞ ይሸፈናል። ከላይ የተለኮሰ ክምር ጭሱ ያንሳል። ፕላስቲክና ቀለም የነካው እንጨት ፈጽሞ አይገባም።

በቅዝቃዜ ወራት ሌላም ጣጣ አለ። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ሸለቆ ውስጥ ይተኛል፤ ሞቅ ያለው አየር ከላይ እንደ ክዳን ይደፍነዋል። ጭሱ መውጫ ያጣና መንደር ላይ ይረጋል። ከ2.5 ማይክሮሜትር የሚያንሱት ብናኞች ሳንባ ድረስ ይዘልቃሉ፤ አስምና የልብ ሕመም ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥሩ ቡድን ፀሐይ አየሩን እስክታነሳው ይጠብቃል፤ ከሰዓት በኋላም እንጨት መጨመር በጊዜ ያቆማል። ጭስ ከጉም ጋር ሲገናኝ ደግሞ መንገድ ይጋርዳል። በጥር 2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ግዛት ውስጥ ከቁጥጥር የወጣ የታቀደ ቃጠሎ ጭስ ከጉም ተቀላቅሎ አውራ ጎዳና ላይ 70 ያህል ተሽከርካሪዎች ተጋጩ፤ 5 ሰዎች ሞቱ።

ክምሩ ያረፈበት አፈር ይጎዳል የሚሉ አሉ። ጉዳቱ ግን በአብዛኛው እዚያችው ቦታ ላይ ይቀራል።

ትልቁ ትምህርት የመጣው ከአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ነው። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የተቃጠለ ክምር በረዶ ደጋግሞ ቢጥልበትም ረመጡ ሳይሞት ከረመ። በሚያዝያ ነፋስ ሲያገኘው ተነሳ፤ ከሌላ የታቀደ ቃጠሎ ካመለጠ እሳት ጋር ገጥሞ ከ341,000 ኤከር በላይ በላ። የደን አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ የታቀደ ቃጠሎን ለ90 ቀናት አቆመ።

ክምር ነድዶ አመድ ሆነ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም። አመዱ ይገለበጣል፣ ውሃ ይፈስበታል፣ በእጅ ጀርባ ሙቀቱ ይፈተሻል። ከቀናት በኋላም፣ ነፋስ ሲነሳም፣ ተመልሶ ይታያል።