«ቴብል» ግስ ሲሆን፦ ቻይናውያን ተማሪዎቼ የሚሳሳቱበት ቃል

አዲስ አበባ ውስጥ ለቻይናውያን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። መሐንዲሶች፣ የሒሳብ ሠራተኞች፣ የውል ባለሙያዎች ናቸው። ታታሪ ናቸው፤ ቃል በማጥናት የሚደርስባቸው የለም። አንድ ግስ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራሉ። ግሱ «ቴብል» ነው። ስም ሲሆን ጠረጴዛ ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቀዋል። ግስ ሲሆን ከስብሰባና ከምክር ቤት ወሬ ውጭ ብዙም አይሰማም። ስለዚህ ግስ ያንኑ የተሳሳተ ነገር ደጋግሜ እየሰማሁ ታክቶኛል፤ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ከዚህ በታች አንቀጽ ሲጀመር በጥቅስ ያለው የእነሱ አባባል ነው፤ የሚከተለው የእኔ መልስ።

«ቴብል ስም ነው፤ ግስ መሆን አይችልም።» ይችላል። ያለፈ ጊዜውም «ቴብልድ» ነው። የቻይንኛ ግስ በጊዜ ስለማይለዋወጥ ተማሪዎቼ መጨረሻዋን «ድ» ሲጽፉም ሲናገሩም ይውጧታል።

«ትርጉሙ ገጅ ነው፤ በቃ።» ዋናው ጣጣ እዚህ ጋ ነው። «ገጅ» በቻይንኛ አንድን ጉዳይ ወደ ጎን ብሎ ማቆየት ነው። ተማሪዎቼ ቃል የሚይዙት «ቤይ ዳንጽ» በሚሉት መንገድ ነው፤ ቃል መሸምደድ ማለት ነው። በስተግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በስተቀኝ አንድ የቻይንኛ ፍቺ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። እነሱ በሚያመጡልኝ ዝርዝር ላይ ከቴብል ትይዩ ያለው ገጅ ብቻ ነው። ይህ የአሜሪካኖቹ አጠቃቀም ነው። አሜሪካዊ «ይህን ጉዳይ ቴብል እናድርገው» ካለ ለጊዜው እንተወው ማለቱ ነው።

እንግሊዛዊ ያንኑ ቃል ሲጠቀም ግን ፍጹም ተቃራኒውን ነው የሚለው። ጉዳዩን ለውይይት እናቅርበው ማለቱ ነው። አንዱ ሲያስቀምጥ ሌላው ያወጣል።

መነሻው ያው ጠረጴዛ ነው። በእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት አዳራሽ መሐል፣ በመንግሥትና በተቃዋሚዎች መቀመጫ መካከል፣ ትልቅ ጠረጴዛ አለ። ሰነድ እዚያ ላይ ሲቀመጥ ለቤቱ ቀረበ ማለት ነው። አባላት ጥያቄና የውሳኔ ሐሳብ የሚያስገቡበት ቢሮ ዛሬም ስሙ «ቴብል ኦፊስ» ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡት ከእጃቸው አውርደው ወደ ሌላ ጉዳይ ለመሄድ ነው።

ይህ የመምህር ወሬ እንዳይመስላችሁ። ዊንስተን ቸርችል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪካቸው ላይ ጽፈውታል። የእንግሊዝ መኮንኖች አንድ አስቸኳይ ሰነድ አዘጋጅተው ለአሜሪካ አቻዎቻቸው «ቴብል ልናደርገው እንፈልጋለን» አሏቸው። አሜሪካኖቹ መሳቢያ ውስጥ ከትቶ መርሳት መሰላቸው። ረጅም፣ መራራ ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር መሆኑ ታወቀ። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች እንዲህ ከተጣሉበት፣ ከቻይናዋ ሼንያንግ ከተማ የመጣ መሐንዲስ አንድ ፍቺ ሸምድዶ እንዴት ይወጣዋል?

ከተማሪዎቼ አንዱ በአንድ የግንባታ ድርጅት የውል ክፍል ይሠራል። አንድ ኬንያዊ የሕግ ባለሙያ ኢሜይል ጻፈለት። ለተጨማሪ ሥራ የጠየቃችሁት ክፍያ ሐሙስ ስብሰባው ላይ «ቴብልድ» ይሆናል ይላል። ልጁ አነበበና ገጅ አለ። ተላልፏል ብሎ ደረሰኙንም የሥራ መዝገቡንም ሳይቱ ላይ ትቶ ባዶ እጁን ስብሰባ ገባ። የመጀመሪያው አጀንዳ የእሱ ጉዳይ ሆኖ ቁጭ አለ። ማስረጃ ሲጠየቅ የሚያሳየው የለውም። በማግስቱ ስልኩን ይዞ መጣና «ላውሺ፣ ዝርዝሩ እኮ እንዲህ አይልም» አለኝ፤ ላውሺ መምህር ማለት ነው። እውነቱን ነው፣ አይልም። የእኔም ጠብ ከልጁ ጋር አይደለም፣ ከዝርዝሩ ጋር ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላኛውን ትርጉም ለመያዝ የገዛ ቋንቋቸው ይበቃቸው ነበር። ቻይንኛ አንድን ነገር በግልጽ ለማውጣት «ባይ ዳው ጁዎምየን ሻንግ» ይላል፤ ጠረጴዛው ላይ ማኖር እንደ ማለት ነው። እንግሊዞቹ የሚሉት ይህንኑ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ወዲያው ይበራል። ከዚያ በኋላ ማንም አይረሳውም።

«ትክክለኛው የአሜሪካኑ ነው፤ የእንግሊዙ ያረጀ ነው።» ይህን የሚለኝ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ተዘጋጅቶ የነበረ ተማሪ ነው። እሺ፣ ፈተናው ላይ ይጥቀምህ። አንተ ግን የምትሠራው አዲስ አበባ ነው። ኬንያዊውም፣ ሕንዱም፣ አውስትራሊያዊውም ቴብል ሲል ማቅረቡ ነው። ከአሜሪካ ጋር ድንበር የሚጋራው የካናዳ ፓርላማም እንዲሁ። በተባበሩት መንግሥታት የውሳኔ ሐሳብ «ቴብልድ» ሆነ ከተባለ ቀርቧል። የእኛ አገር የእንግሊዝኛ ጋዜጦችም አዋጅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ በዚሁ ቃል ይጽፋሉ። ቻይና ገንብታ እ.ኤ.አ. በ2012 በተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ውስጥም ሪፖርት ቴብል ሲደረግ አባል አገሮቹ ሊወያዩበት ነው።

«አሜሪካ ውስጥ ቴብል የተደረገ ነገር ሁልጊዜ ተመልሶ ይመጣል።» ይህ ረቀቅ ይላል። የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ የነበረው ሄንሪ ሮበርት እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመው የስብሰባ ሥርዓት መጽሐፍ ላይ ዋናው ሐሳብ ለጊዜው ማቆየት ነው፤ ስብሰባው ሲፈልግ መልሶ ያነሳዋል። በኮንግረስ ግን ሌላ ነው። እዚያ ቴብል የማድረግ ሞሽን፣ ማለትም ለድምፅ የሚቀርብ ሐሳብ፣ ድምፅ ካገኘ ጉዳዩ ያለ ተጨማሪ ክርክር ወድቋል ማለት ነው። ገጅ ደግሞ ለቻይናዊ ከቀድሞው የቻይና መሪ ከዴንግ ሺያኦፒንግ ጋር ከሚነሳው መፈክር ጋር የተያያዘ ነው፤ ውዝግቡን እናቆየው፣ ልማቱን በጋራ እናድርግ የሚለው። እዚያ ገጅ የተባለው ውዝግብ አልሞተም፤ እንዳለ ተቀምጧል። ስለዚህ የአሜሪካኑንም ትርጉም ቢሆን ገጅ ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም። ከዋሽንግተን የሚመጣ ዜና ላይ «ቴብልድ» ካያችሁ ነገሩ ወድቆ ሳይሆን አይቀርም።

«ኦን ዘ ቴብል ማለትም ተላለፈ ነው።» አይደለም! አሜሪካዊውም ቢሆን «ኦን ዘ ቴብል» ሲል ለድርድር ክፍት ነው ማለቱ ነው፤ «ኦፍ ዘ ቴብል» ካለ ከድርድሩ ወጥቷል። ግሱ ሌላ፣ ሐረጉ ሌላ። «አንደር ዘ ቴብል» በስውር የሚሰጥ ገንዘብ ነው፤ ይህን ማንም አይሳሳተውም።

«ቴብል ዘ ዴታ ማለት መረጃውን በሰንጠረዥ አድርግ ነው።» ዛሬ ለዚያ «ታቢዩሌት» ነው የሚባለው።

«ቴብል አባውት ዚስ ኢሹ።» አባውት አያስፈልገውም፤ ግሱ በቀጥታ ጉዳዩን ይይዛል። በዚህ እኛም አንታማም፤ «ስለ» እያልን ስለምናስብ «ዲስከስ አባውት» የማይል ሐበሻ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የተለያየ አገር ሰው ወደሚያነበው ኢሜይል ይህን ግስ አታስገቡ። ማቅረብ ከሆነ «ሰብሚት» ወይም «ፕሪዘንት» በሉ። ማስተላለፍ ከሆነ «ፖስትፖን» አለ፤ «ሼልቭ»ም ለሁለቱም አገር ሰው አንድ ነው። ሌላ ሰው ከጻፈላችሁ በመጀመሪያ ጸሐፊው ከየት እንደሆነ ተመልከቱ። ቀጥሎ ከግሱ ኋላ የመጣውን ቃል ተመልከቱ። «ቴብልድ አንቲል» ካለ እስከዚያ ቀን ተላልፏል። «ቴብልድ አት» ካለና ስብሰባ ከጠቀሰ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊቀርብ ነው፤ ሰነዳችሁን ያዙ። አሁንም ካልለየላችሁ «ምን ማለትህ ነው?» ብላችሁ አትጻፉ። «ሐሙስ እንወያይበታለን ወይስ ለሌላ ቀን ተላልፏል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት መስመር መልስ ይመጣላችኋል፣ እሱንም ከሰነዱ ጋር ፋይል አድርጉት።