የሞተርሆም «ሌቭሊንግ ጃክ» ምንድን ነው? ጎማስ ለምን አይቀየርበትም?

አሜሪካ ውስጥ ካምፕ ወጥታችሁ ከሆነ ሳታዩት አትቀሩም። ትልቅ ሞተርሆም፣ ማለትም ውስጡ አልጋና ፍሪጅ ያለው እንደ ቤት የሚኖሩበት መኪና፣ ይቆማል። ሾፌሩ ቁልፍ ይጫናል። ከመኪናው ስር አራት የብረት እግሮች ቀስ እያሉ ይወርዱና መሬት ይረግጣሉ። ያ ቤት የሚያህል መኪና ትንሽ ከፍ ብሎ ይረጋል።

እነዚህ እግሮች «ሌቭሊንግ ጃክ» ይባላሉ። ጃክ ደግሞ በእኛ ክሪክ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እኛ ክሪክ ሲባል ጎማ መቀየሪያ ነው የሚታየን። ይኼኛው ግን ለዚያ አልተሠራም። ስለዚህ እኔ «እግር» ብለው እመርጣለሁ።

ሥራው መኪናውን ውሃ ልክ ማስያዝ ነው። አልጋው እንዳያዘነብል፣ ሰው ውስጥ ሲራመድ ቤቱ እንዳይወዛወዝ። ፍሪጁም ይፈልገዋል። ብዙ ሞተርሆሞች ያላቸው በጋዝም የሚሠራ ፍሪጅ ኮምፕረሰር የለውም። ውስጡ ያለው የአሞኒያ ውህድ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። መኪናው አዘንብሎ ብዙ ከቆየ ፈሳሹ አንድ ቦታ ይተኛል፤ ፍሪጁ ከልክ በላይ ይግልና ይበላሻል።

ጎማ ለመቀየር ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአምራቾቹ መመሪያም በእነዚህ እግሮች ጎማ አትቀይሩ፣ በእነሱ ብቻ ተነስቶ በቆመ መኪና ስር አትግቡ ይላል።

ዋናው ምክንያት ፍሬኑ ነው። በትልልቆቹ ሞተርሆሞች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ከኋላ ብቻ ነው። የኋላ ጎማዎች ከመሬት ከተነሱ መኪናውን የያዘው ነገር የለም። የፊቶቹ እንደልባቸው ይሽከረከራሉ። እግሮቹ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ክብደት ይችላሉ እንጂ ወደ ፊት ሲገፏቸው ይታጠፋሉ።

«አንዱን ጎማ ብቻ ባነሳስ?» ትሉ ይሆናል። አንዳንድ ሞተርሆም ላይ የእጅ ፍሬኑ ያለው ጎማው ላይ ሳይሆን ከካምቢዮ ወደ ኋላ በሚሄደው ዘንግ ላይ ነው። ማርሹን ፒ ላይ ማድረግም የሚቆልፈው ይህንኑ ዘንግ ነው። ታዲያ አንዱ የኋላ ጎማ አየር ላይ ሲሆን ዲፈረንሻሉ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ማርሽ፣ ወደ ኋላ እንዲሽከረከር ይፈቅድለታል፤ መሬት ላይ ያለው ደግሞ ወደ ፊት ይንከባለላል። ዘንጉ ፍንክች አላለም፤ መኪናው ግን ሄዷል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሰው የሚሞተው እንዲህ ባለው ነገር ነው።

ሌላም አለ። እግሮቹ የሚያነሱት ሻንሲውን፣ የመኪናውን የብረት አጽም፣ ነው። ጎማውና አክስሉ ከታች ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ጎማው መሬት እስኪለቅ መኪናው ብዙ ከፍ ማለት አለበት። አንዱን ማዕዘን ብቻ ካነሳችሁ ሻንሲው ይጣመማል፤ የፊት መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ቦታው ተዳፋት ከሆነ የመኪናውን ፊት ወደ ዝቅታው አድርጋችሁ አቁሙ። ያኔ የሚነሳው የፊቱ ነው፤ ፍሬን ያለው የኋላ ጎማ መሬት እንደረገጠ ይቆያል። አፈሩ ለስላሳ ከሆነ ከእግሮቹ ስር ወፍራም ጣውላ አድርጉ።

ጎማው መንገድ ላይ ቢተነፍስስ? ከመንገዱ በደንብ ውጡ። ሰው ሁሉ ይውረድና ራቅ ብሎ ይቁም። መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። ቡሎኖቹን መኪናው ሳይነሳ ትንሽ አላሏቸው። ከዚያ ክብደቱን የሚችል የዘይት ክሪክ መመሪያው ባሳየው ቦታ፣ ብዙ ጊዜ አክስሉ ስር፣ ይገባል። ክሪኩ ብቻውን አይታመንም፤ አጠገቡ የብረት መደገፊያ ይቁም።

እውነቱን ለመናገር፣ የትልቁን ሞተርሆም ጎማ ለባለሙያ ብትተዉት ይሻላል። ባለ 22.5 ኢንቹ ጎማ ከነቸርኬው ከ45 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ብዙዎቹም ስኮርታ የላቸውም። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ተከራይታችሁ ወደ ሸናንዶዋ ፓርክ የምትወጡ ከሆነ፣ ሳትነሱ በፊት የመንገድ ላይ እርዳታ ስልኩን አከራዩን ጠይቁና ያዙ።

ማንም ይቀይረው፣ ቡሎኖቹ በመስቀል ቅደም ተከተል፣ ኃይል በሚለካ መፍቻ፣ መመሪያው ባለው ልክ ይጠበቁ። ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ቆም ብላችሁ እንደገና አስፈትሿቸው።