ችግኝ ማጠንከር ምንድን ነው?

በፀደይ መጀመሪያ ችግኝ ከቤት ወደ መደብ በሚዛወርበት ሰሞን «ማጠንከር» የሚለው ቃል ከየአቅጣጫው ይሰማል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቦታው። አንዱ «ውኃ ከልክሉት፣ ይልመደው» ይላል። ሌላው «ሳምንት ውጭ ካደረ ውርጭ አይነካውም» ብሎ በድፍረት ይመክራል። በዚህ በሁለተኛው ምክር ስንት መደብ ቲማቲም በአንድ ሌሊት ጠቁሯል!

ማጠንከር ማለት በመስኮት ሥር ወይም በላስቲክ ቤት ያደገን ችግኝ ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከሌሊት ቅዝቃዜ ጋር ቀስ በቀስ ማለማመድ ነው። ቤት ያደገ ቅጠል የሰም ሽፋኑ ስስ ነው። በድንገት ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲወጣ በአንድ ሁለት ቀን ነጥቶ ይደርቃል። ይህን አይተው «ብርድ መታው» የሚሉ አሉ፤ ውርጭ የመታው ቅጠል ግን መጀመሪያ ውኃ ያዘለ መስሎ ይረግባል፣ ከዚያ ይጠቁራል።

ለረጅም ጊዜ ታሞ የተኛን ሰው አስቡ። መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ግድግዳ ይዞ ይቆማል፣ ከዚያ ደጅ ይወጣል። ጉልበቱ እንዲመለስ ተብሎ ምግብ አይከለከልም፣ በመጀመሪያው ቀንም ዳገት አይወጣም። ሙሉ በሙሉ ቢያገግምም እሳት ያቃጥለዋል። የቲማቲምና የውርጭ ነገርም እንዲሁ ነው።

ሥራው ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀን ነፋስ የማያገኘው ጥላ ሥር አንድ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በየቀኑ ሰዓቱን መጨመር፣ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ቀን ጀምሮ የጠዋት ፀሐይ ማስመታት፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ሌሊቶች ውጭ ማሳደር። የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ ቲማቲምና ቃሪያ ወደ ቤት ይግቡ። ውኃው ይቀነስ እንጂ አይቋረጥ፤ የአፈሩ ላይኛው ክፍል ሲደርቅ፣ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ይጠጣ። ትንንሽ ዕቃ ውስጥ ያለ ችግኝ በነፋስ ቀን ከሰዓት በኋላ ደርቆ ሊገኝ ስለሚችል ቀን ቀን እየሄዱ አፈሩን በጣት መንካት ያስፈልጋል። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ በእነዚህ ቀናት ይቆም፤ ለስላሳ ቅጠል ያበዛል።

ጥቅል ጎመን ቀስ በቀስ ሲበርደው ስኳር ያከማቻል፣ ስለዚህ ቀላል ውርጭ ይችላል። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዱባና ኪያር ግን ይህ አቅም የላቸውም። ያም ሆኖ ጎመኑንም መርሳት አይገባም፤ ግንዱ እርሳስ ካከለ በኋላ ለሳምንታት ከ10 ዲግሪ በታች ከቆየ ሳይጠቀለል አበባ ሊያወጣ ይችላል። የአበባ ጎመን ውኃ ተከልክሎ ከተጨነቀ ትንሽዬ ራስ ብቻ ይዞ ይቀራል። ዱባና ኪያር ማጠንከር ሲበዛባቸው እድገታቸው ስለሚገታ 4 ወይም 5 ቀን ይበቃቸዋል።

ቲማቲም ከመተከሉ በፊት ጠዋት ጠዋት የአፈሩን ሙቀት በ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መለካት ይገባል፤ 15 ዲግሪ ካልደረሰ ሥሩ በደንብ አያድግም። ከደረሰ፣ ችግኙን ሊተከል አንድ ሰዓት ሲቀረው አጠጥቶ ደመናማ ቀን ወይም አመሻሽ ላይ መትከል ነው።