«የቤትሽን በቤትሽ» እና ሌሎች ጆሮዬን ያደነቆሩኝ አባባሎች

አለቆች ወደ ክሊኒካችን ሲደውሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሲስተር፣ እውነት ታማ ነው ወይስ ሥራ ጠልታ?» የታካሚዬን ምሥጢር በስልክ እንደማልናገር ሺህ ጊዜ ብነግራቸውም አይሰሙም። እዚህ ሐዋሳ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትመጣ ልብስ ሰፊ፣ የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ የባጃጅ ሾፌርና መምህር እኔ በር ላይ አንድ አግዳሚ ተጋርተው ተራ ይጠብቃሉ። የሚያማቸው ለየቅል ነው። የአለቆቻቸው ንግግር ግን አንድ ሰው ያስጠናቸው ይመስል ቃል በቃል ይገጥማል። በስልክ መመለሱ ስለሰለቸኝ እዚሁ ልመልስ።

«ጎበዝ ሠራተኛ እንቅልፍ አያበዛም።»

ይህን የሚሉኝ ሰዎች ሠራተኛ ሰክሮ ቢመጣ ከበር ነው የሚመልሱት። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ግን ትኩረቱና ፍጥነቱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። 24 ሰዓት ሲሞላው ወደ 0.1 በመቶ ይጠጋል። ይህ በጥናት ተለክቷል። ንጋት 11 ሰዓት ተነስታ ማታ 4 ሰዓት ላይ አሁንም ስፌት ማሽን ላይ የተቀመጠች ልጅ 17 ሰዓቷን ሞላች ማለት ነው። ከዚያ መርፌ ጣቷን ሲወጋት «ቀልቧ የት ሄዶ ነው?» ይባላል። የት ይሄዳል? ተኝቶ ነዋ!

«እኔ እኮ ለምጄዋለሁ» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ሰዎችን ለሁለት ሳምንት በቀን 6 ሰዓት ብቻ አስተኝቶ ፈተናቸው። መጨረሻ ላይ ውጤታቸው እስከ ሁለት ሌሊት ጭራሽ ሳይተኙ ከቆዩ ሰዎች ጋር ተቀራረበ። ራሳቸውን ሲጠየቁ ግን «ትንሽ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል እንጂ ደህና ነን» ይሉ ነበር። ለመድኩ የሚል ሰው የለመደው መፍዘዙን ነው።

«ቡና ድካም ያጠፋል።»

አያጠፋም፣ ይሸፍናል። ካፌይን ከሰውነት በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከቀኑ 11 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ አብሯችሁ አለ።

«ጫት ሥራ ያሠራል።»

ምርቃናው ሲያልፍ ምን እንደሚከተል ዱካክ የያዘውን ሾፌር ጠይቁት። ሌሊት የሚነዳ ከሆነ ግን መኪናውን ዳር ካስያዛችሁት በኋላ ጠይቁት።

«ብዙ ሰዓት የቆየ ብዙ ያመርታል።»

እስከ ተወሰነ ድረስ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመረተው እንከን ነው፣ ተፈትቶ እንደገና የሚሰፋ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳወጡት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ አደጋው በ35 በመቶ ይጨምራል። የእኛም ሕግ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ኦቨርታይምን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድቦታል።

«የቤትሽን ችግር በር ላይ ትተሽ ግቢ።»

እዚህ ላይ ትዕግስቴ ያልቃል። የሚናገሩት ሰዎች ትልቅ የአመራር ጥበብ ያስተማሩ ይመስላቸዋል። ችግር ጃንጥላ አይደለም፣ በር ላይ አይቀመጥም።

አንዲት የባንክ ገንዘብ ከፋይ ልንገራችሁ። እናቷ ሆስፒታል ተኝተዋል። አስታማሚው ታናሽ ወንድሟ ነው፣ ገና ልጅ ነው። መድኃኒት ግዙ ሲባል የሚደውለው ለእሷ ነው። ስልኳ ድምፁ ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ሲንቀጠቀጥ ግን ጠረጴዛው ይሰማል። ወሩ መጨረሻ፣ ሰልፉ በሩ ድረስ ነው። ለአንድ ደንበኛ የባለ 100 ብር እስር መስጠት ሲገባት የባለ 200 ሰጠችው። ቆጠራው ልክ ነበር፣ 100 ኖት። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ 10,000 ብር ጎደለ። ጉድለቱ በስሟ ተመዘገበ። በማግስቱ እኔ ጋር የመጣችው ራሴን አመመኝ ብላ ነው። ግፊቷን ስለካ ከፍ ብሏል። ሥራ አስኪያጇ ምን እንዳላት ልንገራችሁ? «ባንክ ቤት የቤት ጣጣ ይዞ አይገባም።»

ይህቺ ልጅ ሥራውን ሳታውቅ ቀርታ ነው? ከዚያ በፊት ጉድለት አሳይታ አታውቅም። የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያንቀሳቅሰው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ግማሹን ቦታ «አሁን ማን ደወለ?» ከያዘው ለብሩ የሚተርፈው ግማሹ ነው። ፍላጎትና ቁርጠኝነት ይህን ቦታ አያሰፉትም። ተግሣጽ ደግሞ ይባስ ያጠበዋል፣ ምክንያቱም አሁን የምትፈራው ነገር ሁለት ሆነ።

የገንዘብ ጭንቀትም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በህንድ ታሚል ናዱ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ምርት ከመሰብሰባቸው በፊትና ከሰበሰቡ በኋላ ፈተነ። ያው ገበሬ ከምርቱ በፊት እጁ ባዶ ሲሆን ፈተናውን ዝቅ ብሎ ነው የሠራው። ብሩ ሲገባ ውጤቱ ከፍ አለ። በሁለቱ ፈተናዎች መካከል አልተማረም፣ አልጎበዘም፣ ዕዳው ነው የቀለለት። እዚህም ለሦስት ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች ደመወዝ ሊወጣ ሲል ምን እንደሚመስሉ የሚያውቅ ያውቀዋል። አከራይ በር ላይ ቆማለች፣ ቤተሰብ ብር ላኪ ይላል፣ ቁርስ ተዘሏል። ያን ሳምንት ታርጌት አልሞላም ብሎ መጮህ ምን ይጨምራል?

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ የሁሉን ችግር እንፍታ?» ይሉኛል። ማንም አልጠየቃችሁም። ለብቻዋ ጠርታችሁ «ሰሞኑን ደህና አይደለሽም፣ ምን ልርዳሽ?» በሏት። ሰው ፊት አይደለም፣ ለብቻዋ። ስልኳን አንስታ የምትመለስበት አስር ደቂቃ ስጧት። ከገንዘብ መስኮቱ ለጥቂት ቀን ወደ ሌላ ሥራ አዛውሯት። ሰፊ ከሆነች ከማሽኑ አንስታችሁ ክር መቁረጥ ወይም ማጠፍ ላይ አድርጓት። ሠራተኞችም፣ ታሪካችሁን ሁሉ መዘርዘር የለባችሁም። «እናቴ ታማለች፣ ይህን ሳምንት ልቤ እዚያ ነው» ይበቃል። ከሆስፒታል የሚደውለውም አንድ ሰው ይሁን፣ ሰዓቱም የታወቀ። ቁርስም ብሉ፣ ባዶ ሆዳችሁን ማሽን ላይ አትቀመጡ። እግረ መንገዴን፦ ሻይና ቡናችሁን ከምግብ ጋር አትጠጡ፣ ብረት ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ። ወጣት ሴት ሁልጊዜ ድክም ድክም ካላት፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ከመታ፣ ሰነፍ ከመባሏ በፊት ለደም ማነስ ትመርመር። ሰነፍ የተባለችና የደም ማነስ የተገኘባት ስንቷን አይቻለሁ።

«ድባቴ የሀብታም በሽታ ነው።»

ሀብታሙ ሐኪም ጋር ስለሚሄድ ነው እንደዚያ የሚመስላችሁ። በድባቴና በጭንቀት ሳቢያ በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚባክን የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ድባቴ ማልቀስ ብቻ አይደለም። ድሮ በሰዓት የምትጨርሰው ሪፖርት ቀኑን ሙሉ ሲፈጅብህ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ነቅተህ ስታፈጥ፣ ምግብ ሲያስጠላህ፣ ይህ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ተመርመር። ጸበሉም ጸሎቱም አይከለከልም፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን በራስህ አታቁም።

«ታሞም የሚሠራ ታማኝ ነው።»

ጉንፋን ይዞ ገብቶ ክፍሉን ሁሉ የሚያስተኛ ታማኝነት ምኑ ነው? ያልዳነ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራውን ስህተት ጤነኛ ሰው ሁለት ቀን ያርመዋል። ብዙዎች ታመው የሚገቡት ግን መብታቸውን ስለማያውቁ ነው። በዚያው አዋጅ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ከሥራ በቀራችሁ ማግስት አሳውቁ፣ የሕክምና ማስረጃ ያዙ። ማስረጃውን ከማስረከባችሁ በፊት ኮፒ አስቀሩ፣ ባይሆን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ዋናው ወረቀት ቢሮ ገብቶ «አልደረሰንም» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።