የባክቴሪያ ፍላጀለም ምንድን ነው? (ጭራ አይደለም በቃ!)

ሰሞኑን ደሞ አንዱ "ባክቴሪያ ልክ እንደ ዓሣ ጭራውን እያወዛወዘ ይዋኛል" ብሎ ፖስት አርጎ ሰው ሼር በሼር እያረገው ነው። እኔ እዚሁ ባህር ዳር ማይክሮባዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ይቺን ነገር ፈተና ወረቀት ላይ ማረም ራሱ ሰልችቶኛል።

ፍላጀለም ማለት ባክቴሪያው ከሴሉ ወደ ውጭ ያወጣው፣ የሚዋኝበት ጠምዛዛ ክር ነው። እሱ ደሞ አይወዛወዝም፣ ይሽከረከራል። ሥሩ ላይ ሞተር አለ፣ እንዲሁ ለአባባል ሳይሆን የምር ዘንግና ቀለበት ያለው ሞተር፣ ጠምዛዛውን ክር በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ ያዞረዋል። በ1974 እ.ኤ.አ. ሲልቨርማንና ሳይመን የሚባሉ ተመራማሪዎች ክሩን መስታወት ላይ አጣብቀው ሲያዩ ሴሉ ራሱ ክብ እየሠራ መዞር ጀመረ፣ ቢወዛወዝ ኖሮ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር እንጂ አይዞርም።

ኮሜንት ላይ "ቢወዛወዝስ፣ ያው ሄደ አይደል?" ያልከኝ ወንድሜ፣ አይሄድማ! ጣና ላይ ታንኳ ቀዛፊው መቅዘፊያውን ቢያነሳም ታንኳዋ ትንሽ ትንሸራተታለች አይደል? ባክቴሪያ ግን ሞተሩ የቆመ ለታ ከአንድ አቶም ወርድ ያነሰ እንኳ ሳይሄድ ቀጥ ይላል፣ እዛ መጠን ላይ የውሃው መጎተት ነው ሁሉን የሚወስነው። ለባክቴሪያ ውሃው እንደ ማር ነውና፣ እስቲ ጣና ከባህር ዳር እስከ ጎርጎራ ማር ሆነ በል፣ ቀዛፊያችን መቅዘፊያውን ከማሩ ሳያወጣ ወደኋላ ገፍቶ በመጣበት መንገድ መልሶ ወደፊት ቢገፋው፣ የሄደችውን ያህል ተመልሳ እዛው ናት። አንዱን በፍጥነት ሌላውን ቀስ ቢያደርገውም ለውጥ የለውም፣ ፊዚሲስቱ ፐርሰል በ1977 ይሄንን ነው ያስረዳው። መውጫው በመጣህበት መንገድ ወደኋላ አለመመለስ ነው፣ አንድ አቅጣጫ ዝም ብሎ የሚዞር ጠምዛዛ ክር ደግሞ መቼም በመጣበት አይመለስም።

የወንድ ዘር ሴልስ? እሱ እውነት ነው ጭራው ይታጠፋል፣ ግን መታጠፉ ከሥር ወደ ጫፍ እንደ ማዕበል ስለሚጓዝ ነው የሚገፋው፣ አሠራሩም ሌላ ነው፣ ኤቲፒ (የሴል ነዳጅ የሆነው ሞለኪውል) ነው የሚበላው፤ የኢ. ኮላይ (አንጀት ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ) ሞተር ግን ፕሮቶን (የሃይድሮጅን አዮን) ወደ ውስጥ ሲፈስ ነው የሚዞረው። (የኮሌራው ደሞ በሶዲየም ነው፣ ስለዚህ "ሁሉም ባክቴሪያ በፕሮቶን" ብላችሁ እንዳትጽፉብኝ።)

እና ደሞ ፍላጀለም ያለው ሁሉም ባክቴሪያ አይደለም፣ አንዳንዱ የለውም። ጣና ዳር ውሃውን አረንጓዴ የሚያረገው ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ባክቴሪያ ምንም ፍላጀለም የለውም፣ ሴሉ ውስጥ ባሉ ጋዝ የያዙ ጥቃቅን ክፍሎች ነው የሚንሳፈፈው፣ ወደ ዳር የሚያመጣው ነፋስ ነው።