ሰማያዊና ቢጫ ሲቀላቀሉ አረንጓዴው ለምን ይደበዝዛል?

ሰማያዊና ቢጫ ቀላቅለው ደብዛዛ አረንጓዴ ያገኙ ጀማሪ ሠዓሊዎች ምክንያቱን ደጋግመው ስለጠየቁ ነጥቡን ላብራራ። በቱቦ የሚሸጥ ሰማያዊ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አልትራማሪን ወደ ቀይ ሲያደላ ታሎ ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ቢጫም እንዲሁ ነው፤ የሎሚ ቢጫ ወደ አረንጓዴ፣ ጠቆር ያለው ካድሚየም ቢጫ ደግሞ ወደ ብርቱካናማ ያዘነብላል። አልትራማሪንን ከዚህ ካድሚየም ጋር ስንቀላቅል ሁለቱም አረንጓዴውን ብርሃን በከፊል ስለሚውጡት ወይራማ ቀለም ይወጣል፤ ለባሕር ዛፍ ቅጠል ግን እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው። ታሎ ከሎሚ ቢጫ ጋር ሲቀላቀል እንደ ለጋ የበቆሎ ቅጠል የደመቀ አረንጓዴ ይሰጣል። ዝንባሌው እርግጥ ነው፤ መጠኑ ግን ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ ቀለሙን ከመጠቀም በፊት ጥቂቱን ከነጭ ጋር አቅጥኖ ወዴት እንደሚያደላ ማየት ይበጃል።